ውባንቺና የዋሻው አፈር

ውባንቺ አፈር ስትነፋ ሰው አታናግርም። ወንፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ግራና ቀኝ ስታወዛውዘው ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ አባታችን ሆይን እየደገመች ነው። ከሥር በተነጠፈው ነጭ አቡጀዲ ላይ አፈሩ እንደ ተወቀጠ ኑግ ጠቁሮና ደቅቆ ይከመራል። ወንፊቱ ላይ የሚቀሩትን ጠጠሮችና ስንጥሮች፣ አንዳንዴም አንዲት እንደ መርፌ የቀጠነች የክንፍ አጥንት፣ በጣቷ ለቅማ ወደ ጎን ታኖራለች። እነዚያንም ቢሆን አትጥላቸውም። ከዋሻ ሩፋኤል የወጣ ነገር አይጣልም ብላ ከቅጥሩ ሥር መልሳ ትቀብራቸዋለች።

ዋሻ ሩፋኤል ያለው ከብልባላ በላይ፣ ገደሉን ተጠግታ የምትወጣው የእግር መንገድ የምታልቅበት ላይ ነው። የዋሻው አፍ ሰፊ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራው እዚያው ከአፉ ውስጥ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ዋሻው እየጠበበና እየጨለመ ይገባል። እዚያ ጣሪያው ላይ የሌሊት ወፎች ተንጠልጥለው ይውላሉ። ከሥራቸው ያለው አፈር ጥቁርና ለስላሳ ነው፤ ለመዛቅ ዶማ አይፈልግም፣ በእጅ ይታፈሳል። ውባንቺ እምነት የምታወጣው ከዚያ ነበር።

እምነት የሚሉት ከቤተ ክርስቲያን የሚወሰደውን የተባረከ አፈር ነው። የታመመ ሰው ግንባሩንና የሚያመውን ቦታ ይቀባዋል። ሩፋኤል ደግሞ ማኅፀን ፈቺ ስለሆነ ነፍሰ ጡሮች በጠበል በጥብጠው ይጠጡታል። ከኩልመስክም ከጋሸናም የሚመጡ ሴቶች በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይሄዱና ምጥ ሲጀምራቸው ይፈቱታል።

ይህ ሥራ የባሏ የወንዴ ነበር። ወንዴ የዋሻው ጠባቂ ሆኖ ኖሮ ሲሞት፣ መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ውባንቺን ጠርተው «ባልሽ የያዘውን አንቺ ያዥው፤ ሌላ ሰው አናስገባም» አሏት። እሷም እሺ አለች። በተፈጥሮዋ እሺ የምትል ሴት ናት። በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስትቆጥር፣ አስተማሪው ሲጠይቃት መልሱን እያወቀችው አንገቷን የምትደፋ ነበረች። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሁለት ልጆች ቀበረች። ከዚያ በኋላ ማኅፀኗ ተዘግቶ ከረመ። ኢሕአዴግ በገባ በዓመቱ ግን አዳምን ወለደች፤ ያንኑ አፈር ጠጥታ ነው የወለደችው። ስለዚህ ለሰው ስትሰጥ እጇ አይንቀጠቀጥም ነበር።

የሌሊት ወፎቹን ማንም ነክቷቸው አያውቅም። ሲመሽ ከዋሻው እንደ ጢስ ተያይዘው ይወጣሉ፣ ሊነጋ ሲል ይገባሉ። መሪጌታ «እኛ መቋሚያ ተደግፈን ማኅሌት እንቆማለን፤ እነሱ ተዘቅዝቀው ይቆማሉ። ሰማይ ላይ የማን ጸሎት ቀድሞ እንደሚሰማ አላውቅም» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። ኩሳቸው ሲበዛ፣ በየዓመቱ ለጳጉሜን ሦስት የሩፋኤል ንግሥ ዋሻው ይጠረጋል። የተጠረገውም ጎመን ጓሮ ይደፋል፤ የውባንቺ ጎመን ከሰው ሁሉ ጎመን የሚለመልመው በዚህ ነው።

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ የነሐሴው ጭጋግ ገደሉን ሸፍኖ ፀሐይ ሳይታይ ሲውል ሲያድር፣ ያን ዓመት ዋሻውን የጠረገው አዳም ነበር። ለፍልሰታ ጾም ፍቺ ወደ ቤቱ ገብቶ፣ ጥቂት ቀን አርፎ፣ እናቱ «ወገቤን ይዞኛል፣ አንተ ጥረግልኝ» ብትለው አንድ ቀን ሙሉ ደረቁን ኩስ ሲጠርግ፣ በጆንያ ሲያወጣ ዋለ። ሲመለስ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር አመድ መስሎ ነበር።

«ምነው ወፍጮ ቤት የዋልክ መሰልክ!» ብላ ሳቀችበት።

«ያስነጥሳል እንጂ ምንም አይልም» አለ አዳም፣ ፊቱን እየታጠበ።

በዚያው ሳምንት እሑድ፣ ቅዳሴ እንዳለቀ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሔለን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ዋርካ ሥር ሰው ሰበሰበች። ሔለን የላሊበላ ልጅ ናት፤ ቀበሌው ጤና ኬላ ከመጣች ብዙም አልቆየችም። ስትናገር የሹራቧን እጅጌ የመጎተት ልማድ ነበራት።

«በሬዲዮ የሰማችሁት በሽታ ኢቦላ ይባላል። ያለው ከእኛ በጣም ሩቅ፣ ምዕራብ አፍሪካ ነው። አገራችን አልገባም። ብናውቀው ግን አይጎዳንም» አለች።

«ከየት መጣ ታዲያ?» አለች ባንችይርጋ። ባንችይርጋ የውባንቺ ጎረቤት ናት፤ ስብሰባ ላይ ዝም ብላ አታውቅም።

«አዋቂዎቹ ከሌሊት ወፍ ሳይመጣ አይቀርም ይላሉ።»

ሰው ሳቀ። «ኧረ በሩፋኤል! ዓይጥ ትሁን ወፍ ትሁን ያልለየላት ፍጥረት ናት አገር የምትፈጀው?» አለች ባንችይርጋ።

«እሷ ራሷ አትታመምም» አለች ሔለን። «አህያ በርበሬ ስትሸከም ያቃጥላታል? አያቃጥላትም። ጆንያው የተቀደደ እንደሆነ ግን ከኋላ የሚነዳት ሰው ያስነጥሳል። የሌሊት ወፍም ቫይረሱን እንደዚያ ትሸከመዋለች። በምራቋም በሽንቷም በኩሷም ሊወጣ ይችላል። ጫካ ውስጥ ፍሬ ገምጣ ትጥላለች፤ የጣለችውን ዝንጀሮ አንሥቶ ይበላል፤ ዝንጀሮው ይታመማል። አዳኝ ያንን አርዶ ሥጋውን ቤቱ ሲያመጣ በደሙ ይያዛል። ከዚያ ወዲያ የሌሊት ወፏ የለችበትም፤ በሽታው ከሰው ወደ ሰው ነው። ያስታመመች እናት ትያዛለች። ሬሳ ያጠበ ዘመድ ይያዛል። ከዚያ ሀገሩን ያዳርሰዋል።»

አሁን የሚስቅ አልነበረም። አስታማሚንና ሬሳ አጣቢን የሚይዝ በሽታ ምን ዓይነት ነው? በሽተኛ ሳይጠየቅ፣ ሬሳ ሳይታጠብ እንዴት ይኖራል?

«ምልክቱስ?» አለ አንድ ሰው።

«ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ማስመለስ። ሲብስ ደም።»

«ከሩቅ ያቆይልን» አሉ መሪጌታ፤ ሰውም አሜን ብሎ ተበተነ። ውባንቺ ግን ቤቷ እስክትደርስ ስለ በርበሬዋ አህያ ስታስብ ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ ጎመኑን አየችው። ዝናብ ሲመታው ቅጠሉ ያብረቀርቃል።

በማግሥቱ አዳም የእርሻ ሥራውን ትቶ መጣ። ጥርሱ ይንገጫገጫል።

«ብርድ ብርድ አለኝ፣ እማ።»

ቡልኮ ደረበችለት፣ በላዩም ጋቢ፤ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ወዲያው ትኩሳት ሆነ። ግንባሩን ስትነካው እጇን አቃጠላት። ያኔ ያደረገችው ሁሉ ሳታስበው ነው። ከምታኖርበት ማድጋ እምነት ዘገነች፣ በጠበል በጠበጠች፣ ግንባሩንና ደረቱን ቀባች፣ የቀረውን በጣሳ አጠጣችው። እሱም እንደ ልጅነቱ ጭልጥ አደረገው።

ጣሳውን ልታለቀልቅ ስታጎነብስ ነው ከሥሩ የቀረውን ጥቁር ዝቃጭ ያየችው።

እጇ ላይ ጣሳው ቀረ። ይህ አፈር ከየት ነው? ከዋሻው ኋላ። ከማን ሥር? ከእነሱ ሥር። ልጇ እንግዲህ የታመመው ከዚያ ኩስ ከሆነ፣ አሁን ምን አጠጣችው? መድኃኒት ወይስ ያንኑ በሽታ? ቁጭ ብላ አሰበች። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ይህን ስነፋ ኖርኩ፤ አንድ ቀን አልታመምኩም። ኩሱ የሚገድል ቢሆን ቀድሞ የሚገድለው እኔን ነበር። ደግሞ ሔለን ተሸካሚው አይታመምም አለች። እንግዲያ እኔም እንደ አህያዋ ሆኜ ይሆን? ተሸክሜ ለልጄ ያመጣሁት እኔ እሆን? ባሰበች ቁጥር ነገሩ እንደ ተወሳሰበ ፈትል ይበልጥ ይተበተብባታል።

አዳምም አስቦት ኖሯል። ወደ ማታ ዓይኑን ገልጦ «እማ፣ ሔለን ያለችውን ሰምተሻል። ወደ እኔ አትምጪ። ምግቡን ከበሩ አኑሪልኝ» አላት።

«ዝም በል። ውሻ ነህ ከበር የማበላህ?»

«ያስታመመች እናት ትያዛለች ብላለች።»

«ልያዛ! ልያዝ» አለች። ቆጣ ማለቷ ለራሷም አስደነገጣት።

በማግሥቱ ትኩሳቱ ለቀቀው። ላብ በላብ ሆኖ ነቃ፣ ራበኝ አለ፣ ሽሮ በላ። ውባንቺ ተንበርክካ ሩፋኤልን አመሰገነች። እምነቱ ሠራ፤ የተጠራጠርኩት እኔ ነኝ ኃጢአተኛዋ ብላ፣ ካሣ እንዲሆን ሌላ ጣሳ በጥብጣ አጠጣችው። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ያንቀጠቅጠው ጀመር፤ የባሰ ሆነ፣ የጠጣውን ሁሉ አስመለሰው። እንግዲህ ጠጥቶ ዳነ ልትል ነው ወይስ ጠጥቶ ታመመ? ከዚያ ወዲያ ማድጋውን ባየች ቁጥር ዓይኗን ትመልሳለች። ልትደፋው እጇን ትዘረጋና የሩፋኤልን አፈር እንዴት እደፋለሁ ብላ ትመለሳለች። ሦስተኛ ጣሳ ልትበጠብጥ ትነሣና ደግሞ ትቀመጣለች። ልጇ ሊሞት ይችላል፤ ገዳዩም የገዛ እጇ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማን ይነግሩታል? ለመሪጌታ ቢነግሩት እምነትን መጠራጠር ነው። ለሔለን ቢነግሩት ልጁን ወስዳ ለብቻው ትዘጋበታለች።

ባንችይርጋ ሽሮ ይዛ መጣች፤ በሩ ተዘግቶ አገኘችው።

«አንቺ ውባንቺ! በሽተኛ ይጠየቃል እንጂ እንደ ጠጅ ይከደናል?»

ውባንቺ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች። «ተኝቷል፣ እኅቴ።»

«ምኑን ነው ያመመው?»

«ብርድ ነው።»

«ብርድ! ሲያስመልሰው እደጄ ድረስ ተሰምቷል፤ የነሐሴ ብርድ ሰው ሲያስመልስ ዛሬ አየሁ። እምነት ቀባሽው?»

«ቀባሁት።»

«አጠጣሽው?»

«አጠጣሁት።»

«ታዲያ ምን ያስፈራሻል? አገር ምድሩን የምታሽሪ ሴትዮ፣ የራስሽ ልጅ ሲሆን ጊዜ ፊትሽ ገረጣ እኮ!» አለች ባንችይርጋ። ልታስቅ ነበር። ነገር ግን እሷም ከደጁ አላለፈችም። ሽሮውን ድንጋይ ላይ አኑራ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ፈጠን ብላ ሄደች። ውባንቺ ይህን አየች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቃት ባንችይርጋ ደጅ ቆማ ስትሄድ ይህ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

ትኩሳቱ እንደገና በተመለሰ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ አዳምን ነሰረው። ውባንቺ ደሙን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ነጠላውን ተመለከተችው፣ እጇን ተመለከተችው። ሲብስ ደም ብላ ነበር ሔለን። ውባንቺ ባዶ እግሯን፣ በዚያ ዝናብ፣ ወደ መሪጌታ ቤት ሮጠች።

መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ከበራቸው ሥር ተቀምጠው ሬዲዮናቸውን ይዘው ባትሪውን በፀሐይ ሊያሞቁ ሲሞክሩ ነበር፤ ፀሐይ ግን አልነበረችም።

«መሪጌታ፣ እምነቱ የሚዛቀው ከየት ነው?»

«ምን ማለትሽ ነው? የምትዝቂው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እኔማ ወንዴ ከሚዝቅበት ነው።»

«ወንዴስ ከየት ይዝቅ ነበር?»

«ከኋላ ነዋ። ከ... ከነሱ ሥር።»

መሪጌታ ሬዲዮውን አስቀመጡት። «እኔ ተማሪ ሆኜ የማውቀው ከበሩ በስተቀኝ፣ ከግድግዳው ሥር ነበር፤ ቀዩ አፈር። ደረቅ ነው፣ በዶማ ነው የሚነሣው። ወንዴ ወገቡን ሲያመው ለስላሳውን መርጦ ይሆን? ወይስ ከሱ በፊት የነበሩት ናቸው? ቆይ... አባቴ ደግሞ ከኋላ ይሉ ነበር መሰለኝ።» ጺማቸውን እያሻሹ ቆዩ። «የሩፋኤል ዋሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሩፋኤል ነው» አሉ በመጨረሻ። ሬዲዮውን መልሰው አነሡና «ግን እኔም እንጃ» አሉ።

መሪጌታ እንጃ ሲሉ ሰምታ አታውቅም። ከመሬቱ ተቀመጠች። «አዳም ደም ነሰረው» አለች።

«ምን?»

«ያተኩሰዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ዛሬ ደም። የኋላውን ዋሻ የጠረገው እሱ ነው። እኔ ደግሞ ከዚያው አጠጣሁት።»

መሪጌታ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ይህን ይዘሽ ነው የአፈር ቦታ የምትጠይቂኝ? ሂጂ ያቺን ልጅ ጥሪ!»

«ብትወስድብኝስ? ለብቻው ብትዘጋብኝስ?»

«እሷ ካልወሰደችው ሞት ይወስደዋል። ተነሺ!»

ሔለን ነገሩን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። ማስተማር ሌላ፣ መግባት ሌላ ነው። ጓንት አጠለቀች፣ ነጠላዋን አፍና አፍንጫዋ ላይ ጠመጠመች። ከቤቱ ከመግባቷ በፊት ግን ከጤና ኬላው በላይ ካለችው ጉብታ ወጥታ ስልክ ደወለች፤ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። ውባንቺ ከኋላዋ ተከትላ ቆመች። ከጤና ጣቢያው የሚያነጋግራት ሰው የሚላትን አትሰማም፤ የሔለንን ብቻ ትሰማለች።

«አዎ፣ ደም... አይ፣ አፍንጫው ብቻ... አዎ፣ ዋሻ ጠርጓል... አንድ ደቂቃ፣ ልጠይቃቸው።» ዞረች። «እማማ ውባንቺ፣ አዳም በዚህ ሰሞን ከአገር ወጥቶ ያውቃል?»

«የት ይወጣል? አልወጣም።»

«የትም አልሄደም?»

«የትም። ሁመራ ነው እንጂ።»

ሔለን ስልኩን ከጆሮዋ አወረደችው። «ሁመራ?»

«ለሰሊጥ አረም ነዋ። ለጾም ፍቺ አይደል የገባው?»

«እማማ! ለምን አልነገሩኝም?»

«ምኑን? ማን የማያውቅ አለ? የማን ልጅ ነው ሁመራ የማይሄድ?»

እውነቷን ነው። በዚያ አገር የማይሄድ ልጅ የለም። የእርሻው መሬት ጠቦ ጠቦ ለወጣቱ የሚተርፍ የለምና፣ በየክረምቱ ለአረም፣ በየጥቅምቱ ለአጨዳ ቆላ ይወርዳሉ። ወደ ገበያ እንደ መውጣት ነው፤ እንደ ጉዞ የሚቆጥረው የለም። ቆላ ወርዶ ሲመለስ ታመመ የተባለ ደግሞ ሁሌ የሚታወቅ በሽታ አለው። በዚያ ሳምንት ግን የሰው ሁሉ ልብ ከዋሻው ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር የእናትየውም፣ የጎረቤቷም፣ የአዳምም የራሱ ልብ ወደዚያ አልሄደም።

ሔለን እየሮጠች ገባች። የአዳምን ጣት ወግታ ጠብታ ደም ነጭ የላስቲክ መመርመሪያ ላይ አደረገች፣ በላዩ ፈሳሽ አንጠባጠበች፣ ጠበቀች። ቀይ መስመር ወጣ፤ ከጎኑ ደግሞ ሌላ።

«ወባ ነው» አለች። ነጠላውን ከአፏ አውርዳ በረጅሙ ተነፈሰች።

«የሌሊት ወፍ አይደለም?»

«ትንኝ ናት፣ እማማ። የሁመራ ትንኝ። ነስሩም ከትኩሳቱ ሊመጣ ይችላል።»

የመጀመሪያውን ኪኒን አስመለሰው። ሔለን ጠብቃ ደግማ ሰጠችው፤ ያ ረጋለት። ቀኑን ሙሉ ከዚያው ከመደቡ ጠርዝ ሳትነሣ ዋለች። የሚቀጥለው መንቀጥቀጥ የሚመጣበት ቀን ሲደርስ ውባንቺ ቡልኮውን ይዛ ከአጠገቡ ቆማ ጠበቀች። አልመጣም። አዳም «ምን ትጠብቂያለሽ፣ እማ? ራበኝ እኮ» አላት።

ሔለን ልትጠይቀው ስትመጣ ውባንቺ ማድጋውን ከመሐል አኖረችው።

«ልጄ፣ እንግዲህ ይህ አፈር ምንም የለበትማ?»

ሔለን የሹራቧን እጅጌ ጎተተች። «እንደዚያ አላልኩም። አዳምን ያመመው ወባ ነው። የእኛን ዋሻ ወፎች ግን እኔ እስከማውቀው መርምሮ ያየ የለም። አለባቸው አልልም፤ የለባቸውም አልልም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ኩስ ያለበትን አፈር ለሰው እንዲጠጣ አይስጡ። ሲጠርጉም በደረቁ አይጥረጉ። ውሃ አርከፍክፈው፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው። የሞተች ወፍ ቢያገኙ በእጅዎ አይንኩ።»

«ስንት ሴት ጠጥታዋለች፣ ልጄ። ስንት ልጅ ተወልዷል።»

«አውቃለሁ» አለች ሔለን። ቀስ ብላ ጨመረች፤ «እናቴም እኔን ስታረግዝ እዚህ ድረስ መጥታ ከዚሁ ዋሻ አፈር ጠጥታለች አሉ።»

ሁለቱም ማድጋውን አዩት።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ባንችይርጋ ግን ልጁ ድኖ ከደጅ ተቀምጦ ስታየው እልልታዋን አቀለጠችው። በሽታው ወባ መሆኑን ነግረዋታል፤ «እሺ፣ ወባ በሉት» ትላለች። እሷ የምታውቀው አዳም ዋሻውን መጥረጉን፣ መታመሙን፣ ደም መንሰሩን፣ እምነት መጠጣቱንና መዳኑን ነው። በሳምንት ውስጥ ወሬው ብልባላ ገበያ ደርሶ፣ ኩልመስክ ተሻግሮ፣ ጋሸና ከከባድ መኪና ነጂዎቹ ጋር ምሳ በላ። ዋሻ ሩፋኤል የኢቦላን በሽታ የሚያሽር አፈር አለ ተባለ።

ጳጉሜን ሦስት ለወትሮው የሚመጣው ሰው አንድ እጅ ከሆነ ያን ዓመት ሦስት እጅ መጣ። የዚያ ቀን ዝናብ ጠበል ነውና ሰው ጥላውን አጥፎ፣ ሕፃናት ልብሳቸውን ጥለው ከሰማይ የሚወርደውን ይቀበላሉ። አዳም ገና ደካማ ነበር፤ ቅጥሩን ተደግፎ ቢቆም አሮጊቶች እየመጡ ጀርባውን ያሻሹታል።

«ወባ ነበረብኝ» ይላል።

«አዎ ልጄ፣ አዎ» ይሉና መዳፋቸውን ይስማሉ።

ውባንቺ አዲሱን አፈር ይዛ ከበሩ በስተቀኝ ተቀምጣለች። መሪጌታ ባርከውላት፣ ቀዩን፣ ደረቁን አፈር ከግድግዳው ሥር በዶማ አስነሥታ፣ ውሃ አርከፍክፋ፣ አፏን በነጠላ ሸፍና ነበር የነፋችው። ስትሰጥም «ተቀቡት፣ አትጠጡት» ትላለች፤ ድምፅዋ ግን ከዝናቡ አይበልጥም።

ብርቅዬ የምትባል ወጣት ነፍሰ ጡር ከኩልመስክ መጥታ ነበር፤ ቀኗ የተቃረበ ነው። አፈሩን በጣቷ አሸት አድርጋ መለሰችው።

«ይህ ቀይ ነው። ባለፈው ለእኅቴ የሰጣችኋት ጥቁር ነበር። ለልጅዎ የሰጡትን ነው የምፈልገው፣ እማማ።»

ከኋላዋ የቆሙት ሴቶችም «እኛም እሱን ነው» አሉ። ባንችይርጋ ከመሐላቸው ሆና «ስጫቸው እንጂ፣ አንቺ! ምን ትኮሪያለሽ?» አለች።

ውባንቺ አንገቷን ልትደፋ ነበር። ጥቁሩ እቤት ማድጋው ውስጥ አለ፤ አልደፋችውም። አንድ ጭብጥ ብትሰጥ ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል። ልጅቱን ቀና ብላ አየቻት። ሆዷ ነጠላውን ወደፊት ገፍቶታል፤ ከንፈሯ በብርድ ተሰነጣጥቋል።

«ያኛውን አልሰጥሽም» አለች።

«ለምን?»

«ልጄን ያዳነው ኪኒን ይሁን አፈሩ ይሁን አላውቅም። ኪኒኑን ከዋጠ ወዲያ ነው የተነሣው። አፈሩ ይጎዳ እንደሆነ ደግሞ አላውቅም። አላውቅም፣ ልጄ።»

«ያላወቁትን ነው ይህን ሁሉ ዘመን ሲሰጡ የኖሩ?»

ዝናቡ የሴቶቹን ነጠላ አጣብቆታል። ሁሉም ያያታል። «አዎ» አለች ውባንቺ።

አንዲት ሴት «ምነው ሸዋ!» ብላ አጉረመረመች። ባንችይርጋ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ኋላ ሸሸት አለች። ብርቅዬ ዕንባዋ መጣ፤ «እኅቴ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ሞታብን ሐዘኑ አልወጣልንም። ፈርቼ ነው የመጣሁት» አለች ዝቅ ብላ። ጥቁሩን የጠጣችው እኅቷ ያቺ ነች ወይስ ሌላይቱ፣ ውባንቺ ለመጠየቅ አልደፈረችም።

ከቀዩ አፈር በጣቷ ነክታ በልጅቱ ግንባር ላይ መስቀል አደረገችባት። ከዚያ የአፈሩን እንቅብ ለመሪጌታ ትታ፣ እጇን ያዘቻትና ቁልቁል ወረዱ። ሔለን ለንግሡ ከሚመጡት ነፍሰ ጡሮች መካከል የሚመረመር ካለ ብላ ከዋርካው ሥር ላስቲክ ወጥራ ተቀምጣ ነበር። ማንም አልመጣላትም። ብርቅዬ ልትገባ ፈርታ እግሯን ስትጎትት፣ ውባንቺ ቀድማት ገብታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ከጎኗ ቦታ አሳየቻት።

ሔለን የልጅቱን ክንድ በደም ግፊት መለኪያው እየጠቀለለች ግንባሯን አየች።

«ይህን ከየት ነው ያመጣችሁት?»

«ከበሩ አጠገብ ነው» አለች ውባንቺ።

ሔለን የመለኪያውን ፊኛ ጨበጠች። «እሱስ ይሁን» አለችና መንፋት ጀመረች።